ቺዚጉላ፦ በጁባ ወንዝ ዳር የቀረው የባንቱ ቋንቋና ዘመዶቹ

ከባሌ፣ ከሲዳማና ከጉጂ ደጋዎች የሚመነጩት ገናሌ፣ ወይብና ዳዋ ወንዞች ዶሎ አዶ አካባቢ ተገናኝተው የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገሩ ስማቸው ይለወጣል፤ ጁባ ይባላሉ። ይህ ወንዝ ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ደቡብ ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዮ አጠገብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ወንዙ ወደ ባሕሩ ሲቃረብ፣ በጂሊብና በጃማሜ ከተሞች መካከል በሚገኙ የገበሬ መንደሮች፣ ከሶማልኛ ጋር ዝምድና የሌለው ቋንቋ ይነገራል። ተናጋሪዎቹ ቺዚጉላ ይሉታል። የሥነ ልሳን መጻሕፍትና የውጭ ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ሙሹንጉሊ በሚል ስም ያውቁታል።

የቋንቋው ጥንተ ቤት ከዚያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ ነው። ተናጋሪዎቹ ወደ ጁባ የመጡት በንግድ ወይም በወረራ ሳይሆን በባርነት ተግዘው ነው። ያም ሆኖ ከጌቶቻቸው አምልጠው ጫካ መንጥረው፣ ወንዝ ዳር አርሰው ቋንቋውን ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ጠብቀው አቆይተውታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእርሻና የቋንቋ ዕጣ እንደማይለያይ በግልጽ ይታያል። መሬቱ በእጃቸው እስካለ ድረስ ቋንቋው ኖረ፤ መሬቱ በተነጠቀና ሕዝቡ በተበተነ ጊዜ ግን ቋንቋውም አብሮ ለአደጋ ተጋለጠ።

የባንቱ ቋንቋዎች በአጭሩ

«ባንቱ» የሚለው ስያሜ በ19ኛው መቶ ዘመን የቋንቋ ተመራማሪው ቪልሄልም ብሌክ በሥነ ልሳን ጥናት ያስለመደው ሲሆን፣ በብዙዎቹ የቤተሰቡ ቋንቋዎች «ሰዎች» ማለት ነው። «ንቱ» ሥሩ ነው፤ «ባ» ደግሞ ብዙ ቁጥርን የሚያመለክት መነሻ ቅጥያ ነው። ከካሜሩን እስከ ኬንያ ጠረፍ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የተዘረጋው ይህ ቤተሰብ 500 ያህል ቋንቋዎችን ያቅፋል። ስዋሂሊ፣ ዙሉ፣ ሾና፣ ኪንያሩዋንዳና ሊንጋላ ከታወቁት መካከል ናቸው።

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች በመሆናቸው ከባንቱ ቤተሰብ ጋር ሥር አይጋሩም። የአፍሪካ ቀንድ የባንቱ ቋንቋዎች የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። በሶማሊያ ምድር ሦስት የባንቱ የአነጋገር ዓይነቶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የበራዋ ከተማ ነዋሪዎች የሚናገሩት ቺምዊኒ ነው። ሁለተኛው ከኪስማዮ በስተደቡብ ባሉ ደሴቶች የሚነገረው ኪባጁኒ ነው። ሁለቱም የስዋሂሊ ወገን ሲሆኑ ከባሕር ንግድ፣ ከዓሣ ማስገርና ከጠረፍ ከተሞች ሕይወት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሦስተኛው ቺዚጉላ ከእነዚህ ይለያል። የስዋሂሊ ቀበልኛ አይደለም፤ የሚነገረውም በወደብ ሳይሆን በወንዝ ዳር በሚያርሱ ገበሬዎች ዘንድ ነው።

ስሙና ዘመዶቹ

በታንዛኒያ ዚጉላዎች በታንጋ ክልል በሃንዴኒ ወረዳና በዙሪያው፣ ከፓንጋኒ ወንዝ በስተደቡብ ባለው ሞቃት ሜዳና ኮረብታ ይኖራሉ። የተናጋሪዎቹ ቁጥር በመቶ ሺዎች የሚገመት ነው። የጁባዎቹ ግን በጥቂት አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለ ዚጉላ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የስሞች መደበላለቅ ነው። አንዱ ጽሑፍ ዚጉላ ሲል ሌላው ዚጓ ይላል፤ አንዱ ንጉሉ ሲል ሌላው ንጉኡ ይላል። ልዩነቱን ያመጣው ስዋሂሊ ነው። ስዋሂሊ በታሪኩ በአናባቢዎች መካከል የነበረውን የ«ል» ድምፅ በብዙ ቃላት ጥሏል፤ ስለዚህ የጎረቤቶቹን ስም ሲጠራ ዚጉላን «ዚጉአ»፣ ንጉሉን «ንጉኡ» ያደርጋል። የቋንቋውም መጠሪያ በስዋሂሊ መነሻ ቅጥያ «ኪዚጓ» ይሆናል። ባለቤቶቹ ግን «ል»ን ጠብቀው፣ በራሳቸው መነሻ ቅጥያ «ቺዚጉላ» ይላሉ።

ሙሹንጉሊ የሚለው ስም የመነጨው «ሙዚጉላ» ማለትም «የዚጉላ ሰው» የሚለው ቃል በሶማልኛ ተናጋሪዎች አንደበት ተለውጦ ነው። በተመራማሪዎች ዘንድ መደበኛ መጠሪያ ሆኖ ቢቆይም፣ ብዙ ተናጋሪዎች ከባርነት ዘመን ንቀት ጋር ስለሚያያይዙት አይወዱትም።

ዚጉላ ብቻውን የቆመ ቋንቋ አይደለም። የሥነ ልሳን ምሁራን «ሴዉታ» በሚል የወል ስም የሚያሰባስቧቸው አራት ቋንቋዎች አሉ፤ እነርሱም ሻምባላ፣ ቦንዴይ፣ ዚጉላና ንጉሉ ናቸው። ሻምባላ በኡሳምባራ ተራሮች ላይ ይነገራል። ቦንዴይ ከተራሮቹ ግርጌ እስከ ታንጋ ጠረፍ በተዘረጋው ዝቅተኛ ምድር ላይ ይነገራል። ንጉሉ በንጉኡ ተራሮች፣ ዚጉላ ደግሞ በመካከሉ ባለው ቆላማ ሜዳ ይነገራሉ። ከአራቱ እርስ በርስ እጅግ የሚቀራረቡት ዚጉላና ንጉሉ ናቸው። ብዙ ምሁራን ሁለቱን የአንድ ቋንቋ ቀበልኛዎች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ተናጋሪዎቻቸው ግን ራሳቸውን እንደ ሁለት ሕዝብ ያያሉ።

ቋንቋንና ቀበልኛን የሚለየው መስመር በየትም አገር እንዲህ አከራካሪ ነው። ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ መግባባታቸው አንድ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን ታሪክ፣ የዘር ስምና የአስተዳደር ወሰንም የራሳቸው ክብደት አላቸው። የጁባው ቺዚጉላ የዚህ ክርክር ሌላ ምሳሌ ነው። ዓለም አቀፍ የቋንቋ መዝገቦች «ሙሹንጉሉ» ብለው ከታንዛኒያው ዚጉላ የተለየ ቁጥርና መለያ ሰጥተውታል። ተናጋሪዎቹ ግን ሁለቱን አንድ ቋንቋ ይሏቸዋል።

ከፓንጋኒ እስከ ጁባ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የምሥራቅ አፍሪካ የባሪያ ንግድ በኦማን ሡልጣኖች ሥር በዛንዚባር ተጠናክሮ ነበር። በ1830ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የዚጉላን ምድር ጽኑ ረሃብ መታው። በቃል የተላለፈው ታሪክ እንደሚለው፣ እህል ያጡ ቤተሰቦች ሥራና ምግብ ይገኛል ተብለው በጀልባ ተሳፈሩ፤ ሲወርዱም በሶማሊያ የቤናድር ጠረፍ ተሸጡ። በታችኛው ሸበሌ በነበሩት የእህል፣ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ላይ በባርነት እንዲሠሩ ተደረጉ።

ብዙ ሳይቆይ ከእርሻዎቹ ማምለጥ ተጀመረ። የዚጉላ ሽማግሌዎች የሚተርኩት ታሪክ በዋናኹቻ ዙሪያ ያጠነጥናል። ዋናኹቻ የወደፊቱን ታውቃለች የምትባል ሴት ነበረች። ሕዝቧን አሰባስባ ባሮቹ የሚያመልጡበትን ቀን ወሰነች፤ ዓላማቸውም በእግር ወደ ደቡብ ተጉዘው አገራቸው መግባት ነበር። ጁባን በደረሱ ጊዜ ምድር ተንቀጠቀጠች ይላል ትረካው። ዋናኹቻ ይህን «እዚሁ ቁሙ» የሚል ምልክት አድርጋ ተረጎመችው፤ ሕዝቡም በወንዙ ዳር ሰፈረ። ሰፋሪው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህ ትረካ ነበር። በትረካው ውስጥ ዚጉላ መሆን የባርነት ሳይሆን የነጻነት ስም ነው።

የሰፈሩበት ጫካ በሶማልኛ «ጎሻ» ይባላል። ነዋሪዎቹም «ዋጎሻ»፣ የጫካ ሰዎች፣ ተባሉ። ከዚጉላዎቹ በኋላ ያኦ፣ ማኩዋ፣ ንያሳና ሌሎችም ከባርነት ያመለጡ ሕዝቦች እየመጡ ተቀላቀሏቸው። በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ናሲብ ቡንዶ የተባለ መሪ የጎሻ መንደሮችን አስተባብሮ ከጎረቤት ጎሳዎች፣ ከዛንዚባርና ከአውሮፓውያን ጋር እንደ ነጻ ገዥ ይደራደር ነበር። በመጨረሻም በኢጣሊያ ቅኝ ገዥዎች ታስሮ በእስር ቤት ሞተ።

እርሻው ቋንቋውን እንዴት ጠበቀው?

ከአፍሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተግዘው ወደ ሶማሊያ ከመጡት ሕዝቦች መካከል አብዛኞቹ ቋንቋቸውን አጥተዋል። የያኦ፣ የማኩዋና የንያሳ ዘሮች ዛሬ የሚናገሩት ማአይ የተባለውን የደቡብ ሶማሊያ አነጋገር ነው። የዚጉላዎቹ ቋንቋ ለምን ተረፈ? ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ከአሰፋፈርና ከእርሻ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው ምክንያት ቀድመው መስፈራቸው ነው። ዚጉላዎቹ በቡድን አምልጠው፣ በቡድን ጫካ መንጥረው፣ ተጎራባች መንደሮችን መሠረቱ። ከወንዙ ወደ ላይ ባለው ክፍል ኋላ የሰፈሩት ነጻ የወጡ ሰዎች ግን በሶማሊ ጎሳዎች ጥገኝነት ሥር ነበሩ፤ ቋንቋቸውንም ቶሎ ቀየሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዲ ዝንብ ነው። የታችኛው ጁባ ጫካ በዚህ ዝንብ የተሞላ በመሆኑ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ወደዚያ ለመንዳት ይፈሩ ነበር። በቆላ ወንዞች ዳር ገንዲ ከብት የሚፈጅበት የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ለአርቢው መቅሠፍት የነበረው ዝንብ ለሸሸው ገበሬ አጥር ሆነው።

ሦስተኛው ምክንያት የመሬቱ ጠባይ ነው። ጁባ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ በበልግ «ጉ» በሚሉት ወቅት፣ በመጸውም «ደይር» በሚሉት ወቅት። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ከዳርቻው ባሻገር ያሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ውኃ ይይዛሉ። እነዚህን ረግረጎች በሶማልኛ «ደሼግ» ይሏቸዋል። ውኃው ቀስ እያለ ሲሸሽ የቀረው እርጥብ አፈር ደለል የጠገበ ስለሆነ ያለ ማዳበሪያ በቆሎ፣ ሰሊጥና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ያበቅላል። አሠራሩ በጣና ዙሪያ ባሕር ሸሽ ከሚባለው የእርሻ ዓይነት ጋር ይመሳሰላል። ደሼግ የሚታረሰው በጋራ ስምምነት ነው፤ ውኃው የሚሸሸው በየዓመቱ በተለያየ መጠን በመሆኑ ወሰኑን ማወቅና ድርሻን መደልደል የመንደሩን ሽማግሌዎች ስምምነት ይጠይቃል። የሚዘራበትን ቀን፣ የአፈሩን ዓይነትና የውኃውን መንገድ የሚገልጹት ቃላት የሚተላለፉትም በዚያው በመንደሩ ቋንቋ ነው።

አራተኛው ምክንያት የዘር ቆጠራ ነው። ዚጉላዎች ወገናቸውን በእናት በኩል ይቆጥራሉ፤ በዙሪያቸው ያሉት ሶማሊዎች ግን በአባት በኩል። የእናት ወገን ሥርዓቶችና ጭፈራዎች በሴቶች እጅ ነበሩ፤ ልጅ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ የሚሰማው ምክርና ዜማ በቺዚጉላ ነበር። ስለዚህም ወንዶች በገበያ ሶማልኛ ቢናገሩም የቤቱ ቋንቋ አልተለወጠም።

የቋንቋው ጠባይ

እንደ ሌሎቹ የባንቱ ቋንቋዎች ሁሉ ቺዚጉላ ስሞችን በመደብ ይከፍላል። አማርኛ ወንድና ሴት ብሎ በሁለት ጾታ ሲለይ፣ ባንቱ ሰውን፣ ዛፍን፣ ዕቃን፣ ፈሳሽን፣ ረቂቅ ሐሳብንና ሌሎችንም በየመደባቸው ያስቀምጣል። መደቡን የሚያሳየው በቃሉ መጀመሪያ የሚገባው ቅጥያ ነው። «ሙዚጉላ» አንድ የዚጉላ ሰው ነው፤ «ዋዚጉላ» ሰዎቹ ናቸው፤ «ቺዚጉላ» ቋንቋው ነው፤ «ኡዚጉላ» ደግሞ አገሩ። ሥሩ አንድ ሲሆን ትርጉሙን የሚወስነው ፊቱ ነው። የስሙ መደብ ቅጽሉን፣ ቁጥሩንና ግሡን ሁሉ ስለሚከተል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በሚመሳሰሉ ድምፆች ይያያዛል።

ግሡ ደግሞ ከኋላው እየተጨመረበት ይረዝማል። «ኩሎምቤዛ» መለመን ወይም መጠየቅ ነው። «ኩሎምቤዜዛ» ለሌላ ሰው መለመን ነው፤ አማርኛ «ለመነለት» በማለት በ«ለት» የሚገልጸውን ቺዚጉላ በግሡ ውስጥ በሚገባ ቅጥያ ይገልጸዋል። «ኩሎምቤዜዛና» ሲሆን አንዱ ለሌላው መለማመን ይሆናል።

ቋንቋውን በሥነ ልሳን ዓለም ታዋቂ ያደረገው ግን ዜማው ነው። በቺዚጉላ አንዳንድ ቃላት ከፍ ያለ ቃና ይይዛሉ፤ ሌሎቹ አይዙም። የሚያስገርመው ከፍ ያለው ቃና ከበቀለበት ሥር ላይ ሳይቀመጥ ወደ ቃሉ መጨረሻ መጓዙ ነው። ከላይ በተጠቀሱት ሦስት ቃላት ቃናው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ይወድቃል። በ«ኩሎምቤዛ» «ቤ» ላይ፣ በ«ኩሎምቤዜዛ» «ዜ» ላይ፣ በ«ኩሎምቤዜዛና» ደግሞ «ዛ» ላይ ይሰማል። ቃሉ በረዘመ ቁጥር ቃናው አብሮ ይሄዳል። «ኩዳማኛ»፣ ማለትም መሥራት፣ ግን ቃና የሌለው ግሥ ስለሆነ ምንም ቢረዝም ሜዳ እንደሆነ ይቀራል።

ቃናው ሰዋስዋዊ ሥራም አለው። «ናዳማኛ» ማለት «እሠራለሁ» ሲሆን ድምፁ ሜዳ ነው። «አዳማኛ» ማለትም «ይሠራል» ወይም «ትሠራለች» ሲባል ግን «ማ» ላይ ከፍ ይላል። ግሡ ቃና የለውም፤ ቃናውን ያመጣው የሦስተኛው መደብ ምልክት የሆነው «አ» ነው፤ የሚሰማው ግን ከራሱ ርቆ ነው። ማይክል ኬንስቶዊችና ቻርልስ ኪሰበርዝ የተባሉት ምሁራን በ1990 ባሳተሙት ጥናት ይህ ጉዞ የቃሉን ድንበር ተሻግሮ እስከ ቀጣዩ ቃል ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ቺዚጉላ ስለ ድምፀ ልሳን በሚጻፉ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል።

ስዋሂሊ በአንጻሩ እንዲህ ያለውን ቃና አጥቷል፤ ያለው ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቀለም ማጥበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የስዋሂሊ ተናጋሪ የቺዚጉላን ቃና ተራ ማጥበቅ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። የላቲኑ አጻጻፍም ቃናን አያሳይም። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ፊደላችንም መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው የሚታወቀው ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ ጽሑፍ የማይዘው ነገር ተናጋሪው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

መሬቱ ሲነጠቅ

በ1925 ብሪታንያ ጁባላንድን ለኢጣሊያ አሳልፋ ሰጠች። ኢጣሊያኖቹ በታችኛው ጁባ ሰፋፊ የሙዝ እርሻዎች ከፈቱ፤ የጎሻ ገበሬዎችንም ማሳቸውን ጥለው በግዳጅ እንዲሠሩ አደረጓቸው። ከነጻነት በኋላም ሁኔታው በሙሉ አልተለወጠም። በ1975 የወጣው የሶማሊያ የመሬት ሕግ መሬትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ይዞታውን ማስመዝገብ የሚችል የመጠቀም መብት ያገኝ ነበር። ማስመዝገብ ግን የጽሕፈት ቤት ወረቀት፣ ገንዘብና ትውውቅ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ወንዝ ዳሩን ለትውልዶች ያረሱት ገበሬዎች ሳይሆኑ ከከተማ የመጡ ሰዎች በስማቸው አስመዘገቡት። የስኳርና የሩዝ ልማት የመንግሥት እርሻዎችም ተጨማሪ መሬት ወሰዱ።

በዚያው ዘመን ቋንቋውም ከመንግሥት በኩል ቦታ አላገኘም። ሶማሊያ በ1972 ሶማልኛን በላቲን ፊደል ጽፋ የሥራና የትምህርት ቋንቋ አደረገችው፤ ተከትሎ የመጣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ገጠሬዎች ብርሃን ቢሆንም በቺዚጉላ የተሰጠ ትምህርት አልነበረም። በ2012 የጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ሶማልኛን በሁለት አነጋገሮቹ የመንግሥት ቋንቋ፣ ዐረብኛን ደግሞ ሁለተኛ ቋንቋ ያደርጋል፤ የአናሳዎችን አነጋገር ማበረታታትን በጥቅል ይጠቅሳል።

በ1991 መንግሥት ፈርሶ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የጁባ ገበሬዎች የሚከላከልላቸው የጎሳ ጦር አልነበራቸውም። እህላቸው ተዘረፈ፤ ብዙዎች ተገደሉ፤ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩትም ወደ ኬንያ ዳዳብ መጠለያዎች ተሰደዱ። ጂሊብና አካባቢዋ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመታት በአል ሸባብ ቁጥጥር ሥር ወድቀዋል። ተመራማሪ በቦታው ተገኝቶ ቋንቋውን መመዝገብ ስላልቻለ በቅርብ ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ከስደተኞች ጋር የተሠሩ ናቸው።

የተለያዩት ወንድማማቾች ሲገናኙ

አንዳንድ ስደተኞች ዳዳብ ላይ አልቆሙም። ዋናኹቻ ልትሄድ አስባ ያልደረሰችበትን መንገድ ተከትለው ወደ ታንዛኒያ ገቡ። የታንዛኒያ መንግሥት በሃንዴኒ አካባቢ ተቀበላቸው፤ በኋላም ቾጎ በተባለ ሰፈር ለእርሻ የሚሆን መሬት ሰጥቶ ዜግነት እንዲያገኙ ፈቀደ። ከአያቶቻቸው አያቶች ጊዜ ጀምሮ ተለያይተው የኖሩት ሁለት ወገኖች ሲነጋገሩ ተግባቡ። በቋንቋና በቀበልኛ መካከል ላለው ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ልዩነቶች ግን አሉ። የጁባው ቺዚጉላ ከሶማልኛ፣ በተለይም ከማአይ፣ እንዲሁም ከኢጣሊያንኛ ብዙ ቃላት ወስዷል። የታንዛኒያው ደግሞ ከስዋሂሊ ጠጥቷል። ስዋሂሊ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ግፊቱ ይበልጥ ረቂቅ ነው። «ውኃ» በዚጉላ «ማዚ» ሲሆን በስዋሂሊ «ማጂ» ነው፤ እንዲህ የተቀራረቡ ቃላት ባሉበት አንዱ በሌላው ሲተካ ተናጋሪው ራሱ ላያስተውለው ይችላል። ታንዛኒያ ከ1967 ጀምሮ ስዋሂሊን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ማድረጓ አገሪቱን አንድ ቋንቋ እንዲኖራት ረድቷል፤ የዚጉላ ልጆች ግን በእናታቸው ቋንቋ ማንበብን ሳይማሩ ያድጋሉ። የዳር አገሩ ቋንቋ ሶማልኛ ለባሕርዩ ባዕድ ስለሆነ ድንበሩ ግልጽ ነበር፤ በጥንተ አገሩ ግን ዚጉላን የሚያሟሟው የገዛ ዘመዱ ነው።

ሌሎች ስደተኞች ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄዱ። የአሜሪካ መንግሥት የሶማሊያ ባንቱዎችን በቡድን ለመቀበል በ1999 ወስኖ፣ በ2002 ወደ 12,000 የሚጠጉ ሰዎች ከዳዳብ ወደ ካኩማ ተዛወሩ፤ ከ2003 ጀምሮም ጉዞው ተጀመረ። ሁሉም ቺዚጉላ ተናጋሪ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ማአይ ተናጋሪዎች ናቸው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሰዎቹን በየከተማው ሲያሰፍሩ ቺዚጉላ ተናጋሪው ከማአይ ተናጋሪው ጋር ተቀላቀለ፤ ለሁለቱም የቀረበላቸው አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ የመደበኛው ሶማልኛ ተናጋሪ ነበር። ያም ሆኖ በአይዳሆ ግዛት ቦይዚ ከተማ የሰፈሩ ተናጋሪዎች ከዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁራን ጋር ቃላትና ሰዋስው በመሰብሰብ ሠርተዋል። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ኪዝቢ በ1906 ካሳተመው የዚጉላና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቶ ዓመት በኋላ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው የቃል ሰብሳቢዎች ሆኑ።

በኢትዮጵያ ወገን የጠፋው

የቺዚጉላ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ የሚመስለው ሰው ወደ ዋቢ ሸበሌ መመልከት ይችላል። በሶማሌ ክልል በጎዴና በቀላፎ አካባቢ በወንዙ ዳር የሚያርሱ ሬር ባሬ የተባሉ ሕዝቦች አሉ። ዛሬ ቋንቋቸው ሶማልኛ ነው። ቀደም ሲል ግን የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው የቋንቋ መዝገቦች ይጠቅሳሉ፤ የባንቱ ወገን ሳይሆን እንደማይቀር የሚገምቱም አሉ። ግምት ሆኖ የቀረው ቋንቋው በሚገባ ሳይመዘገብ በመጥፋቱ ነው።

ጋፋት ከዚህ የተለየ ዕድል ነበረው። በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ይህ ሴማዊ ቋንቋ ሊጠፋ ሲል፣ በ1947 ቮልፍ ሌስላው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች አግኝቶ መዘገበው። ስለዚህ ጋፋት ቢሞትም ከአማርኛና ከሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ያለው ዝምድና ይታወቃል። የሬር ባሬ ቋንቋ ግን የማን ዘመድ እንደነበር የሚናገርለት አንድ ገጽ እንኳ አልቀረለትም።

ቺዚጉላ ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ሰዋስዉ ተጠንቷል፤ ቃናው በመማሪያ መጻሕፍት ገብቷል። ነገር ግን የደሼጉ እርሻ ቃላት፣ የዘር ስሞች፣ የእህል ዓይነቶችና የወንዙ ወቅቶች መጠሪያዎች በአብዛኛው ያሉት በሸመገሉ ገበሬዎች አፍ ነው። በአሜሪካ የተወለደው ልጅ ቋንቋውን ከወላጆቹ ቢሰማም ውኃ ሲሸሽ አይቶ አያውቅም፤ በቾጎ ያለው ልጅ መሬት ቢኖረውም ትምህርት ቤቱ በስዋሂሊ ነው፤ በጁባ የቀረው ገበሬ ደግሞ መሬቱም ሰላሙም በእጁ አይደለም። ቋንቋውን ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ያቆዩት ሦስት ነገሮች፣ ማሳው፣ መንደሩና የእናት ቤት፣ ዛሬ በሦስት አገሮች ተበታትነው ይገኛሉ። ከባሌና ከሲዳማ ደጋዎች የወረደው ውኃ ግን አሁንም በየዓመቱ ደሼጎቹን ይሞላል።